ዜማን በመነሻ ድምፁ የመደርደር ልማድ፤ ከኢሮሃ እስከ ቮካሎይድ

ዳዊት የደገመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ 118ኛው መዝሙር «አሌፍ»፣ «ቤት»፣ «ጋሜል» እየተባለ በ22ቱ የዕብራውያን ፊደላት ስም ተከፍሎ ይጸለያል፤ ይህም የሆነበት ምክንያት በመጀመሪያው ልሳን በየክፍሉ ያሉት ስምንት ስምንት ቍጥሮች ሁሉ በዚያ ክፍል ፊደል ስለሚነሡ ነው። መጽሐፉ ወደ ግእዝ በተመለሰ ጊዜ የመነሻው ድምፅ ተለወጠ፤ የፊደላቱ ስም ግን እንደ ምሰሶ ቆሞ ቀረ። መዝሙርን ወይም ዘፈንን በሚያነሣው ድምፅ ለይቶ፣ በፊደል ተራ አሰልፎ፣ ለማስታወስና ለመፈለግ እንዲመች አድርጎ የማኖር ጥበብ እንግዲህ ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ በልዩ ልዩ አሕዛብ ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ ሲሠራበት የኖረ ነው። ይህንንም ልማድ ከመነኰሳት መጽሐፍ ተቀብሎ ወደ መዝገበ ቃላት፣ ከመዝገበ ቃላት ወደ ጨዋታ፣ ከጨዋታም ወደ ካራኦኬ ቤት የዘፈን መዝገብ እያሸጋገረ፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ድምፅ እስከሚዘፈነው እስከ ቮካሎይድ ድረስ ያደረሰው የጃፓን ሕዝብ ነውና፣ የነገሩን ታሪክ ከእርሱ ዘንድ መፈለግ ይገባል። የዛሬዎቹ የጃፓን ወጣቶች አንዱ ለሌላው «ይህን ስማ» ብለው የቮካሎይድ ዘፈን በሚመርጡለት ጊዜ፣ ዘፈኖቹን በደራሲ ወይም በዘመን ሳይሆን ርእሳቸው በሚነሣበት ድምፅ፣ «የአ ቤት፣ የካ ቤት፣ የሳ ቤት» እንደማለት አድርገው ሲደረድሩ፣ የአንድ ሺህ ዓመት ትውፊት እየፈጸሙ ነው።

ቮካሎይድ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መግለጥ ያስፈልጋል። ቮካሎይድ በሰው ድምፅ የሚዘፍን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። የያማሃ ኩባንያ መሐንዲስ ኬንሞቺ ሂዴኪ በባርሴሎና ከሚገኘው ከፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋራ ሥራውን የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ ሊዮንና ሎላ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች በ2004 ዓ.ም. መባቻ በአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀረቡ። በዚያው ዓመት ማለቂያ ሜይኮ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ካይቶ የተባሉት በጃፓንኛ የሚዘፍኑ ድምፆች ተከተሉ። ነገሩ ግን ከሙዚቀኞች ጓዳ ወጥቶ ወደ ሕዝብ የገባው ነሐሴ 31 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በሰሜን ጃፓን በሳፖሮ ከተማ የሚገኘው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ ሃትሱኔ ሚኩ የተባለችውን ድምፅ ባወጣ ጊዜ ነው። ለዚህች ድምፅ ኬይ የተባለው ሠዓሊ መልክ ሣለላት፤ ዕድሜዋ 16፣ ቁመቷ 158 ሳንቲ ሜትር ተብሎ ተወሰነላት፤ በሁለት ወገን እስከ እግሯ የሚወርድ ሰማያዊ አረንጓዴ ጠጕርም ተሰጣት። ሰዎችም እንደ ፕሮግራም ሳይሆን እንደ ዘፋኝ ተቀበሏት።

የድምፁ ባለቤት ተዋናዪቱ ፉጂታ ሳኪ ናት። እርስዋ ወደ መቅረጫው ክፍል ገብታ ያሰማችው ግን ዘፈን አልነበረም፤ በአንድ ልክ ከፍታ የሚዜሙ፣ ትርጕም የሌላቸው የድምፅ ሰንሰለቶች ነበሩ። ከነዚያም ቅጂዎች ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ጥንድ ጥንድ ቍርጥራጮች አንድ በአንድ ተለቅመው በመዝገብ ተቀመጡ። ጃፓንኛ ቀለሞቹ ጥቂትና ባብዛኛው በአናባቢ የሚዘጉ ስለ ሆኑ ለአንድ የድምፅ ከፍታ 500 ያህል ጥንድ ሲበቃው፣ እንግሊዝኛ ግን 2500 ያህል ይፈልጋል። ዜማ ደራሲው እንግዲህ በኮምፒዩተሩ መስኮት ከፒያኖ ቁልፎች ሥዕል ጎን ለያንዳንዱ የዜማ ምት አንድ አጭር መሥመር ያሰምርና፣ በመሥመሩ ላይ ካና ከሚባሉት የጃፓን የድምፅ ፊደላት አንዱን ይጽፋል፤ አንድ ምት፣ አንድ ፊደል። ጽሕፈቱም ለዐይን ሳይሆን ለጆሮ መሆን አለበት፤ በመጽሐፍ «ሃ» ተብላ ተጽፋ «ዋ» ተብላ የምትነበበውን አገባብ፣ ደራሲው ለሚኩ እንደ መጽሐፉ ሥርዐት ቢጽፍላት እንደ ተጻፈችው «ሃ» ብላ ትዘፍናታለችና፣ የግድ «ዋ» ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ማጥበቅና ማላላትን ፊደላችን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ለአማርኛም እንዲህ ያለ ድምፅ ለመሥራት የሚነሣ ሊቅ ቢኖር መጀመሪያ የሚገጥመው ድካም ይኸው ይሆናል። የቮካሎይድ ዘፈን የተሠራበት ጡብ፣ ባጭሩ፣ የካና ፊደል ነው፤ ስለዚህም ዘፈኖቹ በካና ተራ መሰለፋቸው ባዕድ ሥርዐት ሳይሆን ከተሠሩበት ነገር የተገኘ ነው።

ጃፓኖች ለዚህ ፊደላቸው ሁለት ዐይነት ተራ አላቸው፤ ይህም እኛ ከ«ሀ ሁ» ሌላ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚባል ተራ እንዳለን ነው። በሕዝቡ ዘንድ ቀድሞ የገነነው ኢሮሃ ይባላል። ኢሮሃ 47ቱን የካና ፊደላት አንዱንም ሳይደግም፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ በማግባት የተደረሰ ቅኔ ሲሆን፣ ምሥጢሩም በቡድሃ ሃይማኖት ትምህርት መሠረት የዚህን ዓለም ኃላፊነት የሚገልጥ ነው። ትውፊት ለሺንጎን ገዳማት መሥራች ለመነኵሴው ለኩካይ (774–835 ዓ.ም.) ይሰጠዋል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን የቃላቱን ጠባይ መርምረው ከእርሱ ዘመን በኋላ የተደረሰ መሆኑን ይናገራሉ። ከተገኙት ጽሑፎች ጥንታዊው በ1079 ዓ.ም. የተጻፈና የአንድ ቅዱስ መጽሐፍ ንባብ የሚተረጐምበት መዝገብ ነው። ተማሪ ሁሉ እጁን ሲያሠለጥን ይህን ቅኔ ስለሚጽፍ፣ ተራው በሰው ሁሉ አእምሮ ታተመ። በ12ኛው መቶ ዓመት ታቺባና ታዳካኔ የሚባል ሰው ኢሮሃ ጂሩይሾ የተሰኘ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ቃላቱን በመነሻ ድምፃቸው ለይቶ በ47 ምዕራፎች አከፋፈላቸው። በ1720 ዓ.ም. ደግሞ በኤዶ፣ በዛሬዪቱ ቶኪዮ፣ ከተማዪቱን ከሚያወድመው ቃጠሎ ለመጠበቅ በዳኛው በኦኦካ ታዳሱኬ ትእዛዝ የእሳት አጥፊ ጭፍሮች በተቋቋሙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ጭፍራ ከኢሮሃ አንድ አንድ ፊደል ለስም ተሰጠው፤ «ሂ» ግን በጃፓንኛ እሳት ማለት ነውና፣ እሳት ሊያጠፋ የሚሄድ ጭፍራ በእሳት ስም እንዳይጠራ «ዐሥር ሺህ» በሚለው የቍጥር ምልክት ተተካች።

ሁለተኛው ተራ ጎጁኦን ይባላል፤ አምሳው ድምፅ እንደማለት ነው። ምንጩ ከሕንድ የመጣው የሲድሃም ፊደል ትምህርት ሲሆን፣ ያሰናዱትም የሳንስክሪትን ንባብ ለማቅናት ሲደክሙ የነበሩ መነኰሳት ናቸው። ጥንታዊው ቅጂ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የተጻፈው ኩጃኩኪዮ ኦንጊ የተባለው መጽሐፍ ሲሆን በኪዮቶው ዳይጎጂ ገዳም ተገኝቷል፤ በ1093 ዓ.ም. መነኵሴው ሚዮጋኩ ስለ ንባብ ሥርዐት በጻፈው መጽሐፍ ነገሩን አስፍቶ አስተምሮበታል። ዐምዱ «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ» ብሎ በአናባቢዎች ይወርዳል፤ ቤቶቹም «አ፣ ካ፣ ሳ፣ ታ፣ ና፣ ሃ፣ ማ፣ ያ፣ ራ፣ ዋ» እየተባሉ ይከተላሉ። ይህ ተራ በዘፈቀደ የተሰለፈ አይደለም፤ የሕንድ ሊቃውንት ድምፆችን ከጕሮሮ አንሥተው ወደ ከንፈር እያወጡ የደረደሩበት ጥበብ ነው። እዚህ ላይ ግን አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ የጕሮሮ ድምፅ የሆነችው «ሃ» በ«ና» እና በ«ማ» መካከል፣ በከንፈር ሥፍራ ምን ትሠራለች? የቋንቋው ሊቅ ኡኤዳ ካዙቶሺ በ1898 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ የዛሬዪቱ «ሃ» በጥንቱ ዘመን «ፓ» ነበረች። መነኰሳቱ ሰንጠረዡን ሲያዘጋጁ በከንፈር ድምፅ ሥፍራ አኖሯት፤ የሕዝቡ አፍ ከጊዜ በኋላ ድምፁን ለወጠ፤ ሰንጠረዡ ግን አልተለወጠም። የፊደል ተራ የልጆች መማሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቢመለከት፣ ተራው ከአፍ የጠፋውን ድምፅ ሥፍራ የሚጠብቅ የታሪክ መዝገብ መሆኑን ይረዳል። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በሁለቱ ተራዎች መካከል የነበረው ክርክርም ቀላል አልነበረም። ኦትሱኪ ፉሚሂኮ ገንካይ የተባለውን ታላቅ መዝገበ ቃላት ከ1889 እስከ 1891 ዓ.ም. ሲያሳትም ቃላቱን በጎጁኦን ተራ ስላሰለፈ፣ የዘመኑ መምህር ፉኩዛዋ ዩኪቺ መጽሐፉን ገልጦ ባየው ጊዜ ፊቱ ጠቆረ ይባላል፤ የመጫወቻ ቤት ጫማ ጠባቂ ስንኳ የጫማውን ምልክት በኢሮሃ በሚያሰልፍበት አገር ይህ ተራ ለማን ይጠቅማል በማለት ነበር። እኛም ዘንድ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ያሳተሙት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ፣ ሕዝቡ የለመደውን «ሀ ለ ሐ መ» ትቶ በ«አ በ ገ ደ» ተራ መሰለፉ ይታወሳል። ሁለቱም ሊቃውንት ለድካማቸው መሠረት የሚሆን የጠነከረ ምክንያት ነበራቸው። በጃፓን ግን በመጨረሻ ድሉ የጎጁኦን ሆነ፤ ኢሮሃ ከመዝገበ ቃላትና ከትምህርት ቤት ቀስ በቀስ ወጥቶ በጨዋታና በትዝታ ቀረ።

ዘፈንና ግጥም በመነሻ ድምፅ መለየት ለሕዝቡ ጆሮ የተለማመደው ግን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ በካሩታ ጨዋታ ነው። ፉጂዋራ ኖ ቴይካ (1162–1241 ዓ.ም.) ከመቶ ባለቅኔዎች አንድ አንድ ግጥም መርጦ ያሰባሰበው ሂያኩኒን ኢሹ የተባለ ጉባኤ አለ፤ እያንዳንዱም ግጥም በ31 ቀለም የሚያልቅ ነው። በኋለኛው ዘመን እነዚህ መቶ ግጥሞች በካርታ ተጽፈው የአዲስ ዓመት መጫወቻ ሆኑ። በ1904 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ኩሮይዋ ሩይኮ የጨዋታውን ሕግ አንድ አድርጎ በቶኪዮ ውድድር አስጀመረ፤ ዛሬም በየዓመቱ ጥር ወር በኦትሱ ከተማ በሚገኘው በኦሚ መቅደስ የአገሪቱ ባለድሎች ይመረጣሉ። አንባቢው የግጥሙን መጀመሪያ በዜማ ያነባል፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ የግጥሙ መጨረሻ ብቻ የተጻፈበትን ካርታ ከምንጣፍ ላይ ቀድመው በእጃቸው ይመታሉ። ጥበቡ ሁሉ ያለው የመነሻውን ድምፅ በመለየት ነው። ከመቶው ግጥሞች ሰባቱ በመነሻ ድምፃቸው ተመሳሳይ ስለ ሌላቸው አንድ ቀለም እንደ ተሰማ ይታወቃሉ፤ በ«አ» የሚነሡት ግን 16 ናቸውና ተጫዋቹ የሚከተሉትን ቀለሞች መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሦስት ጥንድ የሆኑ ስድስት ግጥሞች ደግሞ እስከ አምስተኛው ቀለም አንድ ሆነው በስድስተኛው ብቻ ይለያያሉ። በነዚያ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች እጃቸውን ዘርግተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ስድስተኛዪቱን ቀለም ይጠብቃሉ።

ከዚህ ከመቶው ጉባኤ አንድ ነገር በብርቱ መታወቅ አለበት፤ ከራ ቤት በአንዱም ድምፅ፣ በ«ራ» ቢሉ፣ በ«ሪ» ቢሉ፣ በ«ሮ» ቢሉ፣ የሚነሣ ግጥም አንድ ስንኳ የለም። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ በጥንታዊው የጃፓን ቋንቋ ከራ ቤት የሚጀምር አገር በቀል ቃል አልነበረም፤ በዚህ ድምፅ የሚነሡት ቃላት ሁሉ ከቻይና ወይም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔዎችም ባዕድ ቃል በግጥማቸው አያገቡም ነበር። እንደዚሁም በ«ጋ»፣ በ«ዛ»፣ በ«ዳ»፣ በ«ባ» የሚነሣ ቃል ለጥንቱ ቋንቋ እንግዳ ነበር። ይህን ይዘን ወደ ዘመናችን እንምጣ።

በ1971 ዓ.ም. በኮቤ ከተማ ሙዚቀኛው ኢኖዌ ዳይሱኬ ያለ ዘፋኝ የሚጫወት መሣሪያ ለመሸታ ቤቶች ማከራየት ሲጀምር ካራኦኬ ተወለደ። ዘፈኑ በበዛ ጊዜም በየጠረጴዛው ላይ ወፍራም የዘፈን መዝገብ ተቀመጠ፤ አንዱ ክፍል በዘፋኝ ስም፣ ሌላው ክፍል በዘፈን ርእስ፣ ሁለቱም በጎጁኦን ተራ የተሰለፉ ሲሆኑ፣ ሰው የሚወደውን ዘፈን በመነሻ ድምፁ ፈልጎ በአጠገቡ የተጻፈውን ቍጥር ይነግራል ወይም ይጫናል። በ1992 ዓ.ም. ዘፈን በስልክ መሥመር እየተላከ የሚቀርብበት ዘዴ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የዘፈኑ ብዛት ወረቀት የሚችለው አልሆነምና መዝገቡ ወደ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተዛወረ፤ ተራው ግን ያው ነው። የቮካሎይድ ዘፈኖች ወደ ካራኦኬ በገቡ ጊዜ፣ ከሰው ዘፋኞች ዘፈን ጋራ ያለ አድልዎ በአንድ ቤት ተሰለፉ። ከዚያ ወዲህ የሚኩን ዘፈን የሚዘፍነው ሰው ራሱ ነው፤ ከሰው የተወሰደው ድምፅ ወደ ሰው አፍ ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ቤቶቹን እየዞርን ልንመለከት ነው፤ የሚመረጡትንም ዘፈኖች እግረ መንገዳችንን እንጠቁማለን። በአ ቤት ማንም ሊያልፋቸው የማይገባ ሁለት ዘፈኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ «አኩ ኖ ሙሱሜ» እና «አኩ ኖ ሜሺትሱካይ»፣ ሁለቱም በ2008 ዓ.ም. ሞቲ በተባለው ደራሲ የተደረሱ። የመጀመሪያው ሕዝቧን ስታስጨንቅ የኖረች ክፉ ልዕልት የምትወድቅበትን ታሪክ ይተርካል፤ ሁለተኛው ያንኑ ታሪክ መንታ ወንድሟ በሆነው አገልጋይዋ ዐይን መልሶ ይናገርና፣ በእርስዋ ፈንታ የሞተው እርሱ መሆኑን ይገልጣል። የልዕልቲቱን የምትዘፍነው ካጋሚኔ ሪን፣ የአገልጋዩን የሚዘፍነው ካጋሚኔ ሌን ነው፤ ሁለቱም ድምፆች ከአንዲት ተዋናይ፣ ከሺሞዳ አሳሚ፣ የተወሰዱ ናቸው። ካሩታ ተጫዋች ቢሆን ሁለቱን ርእሶች የሚለያቸው በአራተኛዪቱ ቀለም ብቻ ነው፤ አንዱ «ሙ» ሌላው «ሜ»። በተራውም «ሙ» ከ«ሜ» ስለምትቀድም፣ ልዕልቲቱ ከፊት፣ አገልጋዩ ከኋላዋ ይቆማሉ፤ የፊደል ሕግ የታሪኩን ሥርዐት ጠበቀ። በዚሁ በአ ቤት፣ በ«ኢ» መሥመር፣ የጊንሳኩ ድርሰት የሆነው «ኢሮሃ ኡታ» ይገኛል፤ አሮጌው ተራ በአዲሱ ተራ ውስጥ እንግዳ ሆኖ መኖሩ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣች አንዲት የቮካሎይድ ድምፅም ኔኮሙራ ኢሮሃ ተብላ ተሰይማለች። ከእርስዋ ሳይርቅም የታላቁ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሊቅ የቶሚታ ኢሳኦ የኢሃቶቭ ሲምፎኒ ይገኛል። ቶሚታ ይህን ድርሰት በ2012 ዓ.ም. በቶኪዮ በሙሉ ኦርኬስትራና በመዘምራን ጉባኤ ሲያቀርብ ዕድሜው 80 ነበር፤ ሚኩንም በመካከላቸው አቁሞ የባለቅኔውን የሚያዛዋ ኬንጂን ዓለም አዘመራት።

በካ ቤት የ40ሚፒ «ካራኩሪ ፒዬሮ» እና የዴኮ 27 «ጎሱቶ ሩሩ» አሉ፤ ሁለተኛው በ«ጎ» ቢነሣም ተራው «ኮ»ን ወደ «ጎ» የሚለውጡትን የድምፅ ነጥቦች ስለማይቈጥር ከ«ኮ» ጋራ ይሰለፋል። በሳ ቤት በ2011 ዓ.ም. በኩሮኡሳ የተደረሰው «ሴንቦንዛኩራ» እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ርእሱ የሺህ ቼሪ ዛፎች ማለት ሲሆን፣ ዜማው በጃፓን የጥንት ቅኝት ላይ የተመሠረተ፣ ፍጥነቱ ግን የዘመናችን ነው። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ መላው አገር በቴሌቪዥን በሚመለከተው የኤንኤችኬ የዘፈን ዝግጅት ላይ፣ ዕድሜዋ ከ60 ያለፈው የኤንካ ዘፋኝ ኮባያሺ ሳቺኮ ይህን ዘፈን ዘፈነችው፤ የወጣቶች ነው ሲባል የነበረው ዜማ በሽማግሌዎች ቤት ገባ። ይህ የሺህ ቼሪ ዛፎች ስም ራሱ በ1747 ዓ.ም. በኦሳካ ከቀረበ ዝነኛ የአሻንጉሊት ተውኔት ርእስ ውስጥ የሚገኝ ነው። በዚያ ተውኔት አሻንጉሊቱ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁን የሚሰጠው ግን ከጎን ተቀምጦ በዜማ የሚተርከው ሰው ነው። አካል የሌለው ዘፋኝ ለጃፓን ሕዝብ አዲስ ነገር አልነበረም ለማለት ይህ ይበቃል።

ታ ቤት የአጎኣኒኪ «ዳቡሩ ራሪያቶ» እና ርእሱ በላቲን ፊደል የሚጻፈው የላይቭቱን «ቴል ዩር ወርልድ» የሚገኙበት ነው። በመቶው ግጥሞች ስምንት የነበረው የና ቤት ለቮካሎይድ ብዙ አላፈራም፤ አልፈነው ወደ ሃ ቤት እንሂድ። እዚያ የኮስሞ «ሃትሱኔ ሚኩ ኖ ሾሺትሱ» አለ። በ2008 ዓ.ም. የተሟላው ይህ ድርሰት ሚኩ ስትጠፋ የምትናገረውን የመጨረሻ ቃል በሰው ትንፋሽ በማይደረስበት ፍጥነት የሚያሰማ ሲሆን፣ ማሽን ከሰው የሚለይበትን ነገር ለልቅሶ መሣሪያ አድርጎ መጠቀሙ ከፍ ያለ ማስተዋል ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሃቺ «ፓንዳ ሂሮ» ይገኛል። «ፓ» በሃ ቤት መቀመጧ ለዛሬ ልጅ የፊደል ልማድ ብቻ ይመስለዋል፤ ኡኤዳ ያስተማረውን ለሚያውቅ ግን በአባቷ ርስት ላይ ተቀምጣለች።

የማ ቤት የቮካሎይድ ቤተ መጻሕፍት ኦሪት ነው። ሚኩ ከወጣች በኋላ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ሳይቈይ፣ በመስከረም 2007 ዓ.ም.፣ «ሚኩ ሚኩ ኒ ሺቴ አጌሩ» ኒኮ ኒኮ ዶጋ በተባለው የቪዲዮ ማሳያ ላይ ወጥቶ ስሟን አስጠራ። ይህ ዘፈን ስለ ራሷ ስለ ሚኩ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ዘፈኖች እንዲሁ ነበሩ። በታኅሣሥ ወር ግን ሪዮ የተባለ ደራሲ «ሜሩቶ»ን አቀረበ። «ሜሩቶ» አንዲት ልጃገረድ ዝናም በሚዘንምበት ቀን ከምትወደው ልጅ ጋራ በአንድ ጃንጥላ ስትሄድ የሚሰማትን የሚናገር ተራ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ታላቅነቱም በዚህ ላይ ነው፤ ሚኩ ስለ ራሷ መናገርን ትታ ለሌላ ሰው ልብ አፍ ሆነች። ብዙ ሰዎችም ዘፈኑን በገዛ ድምፃቸው እየዘፈኑ ማሰማት ጀመሩ። ከ«ሜሩቶ» ወዲህ ቮካሎይድ የአሻንጉሊት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዜማ ደራሲዎች ዘመን ሆነ ብል አላጋነንሁም። በዚሁ ቤት የ2010ሩ «ማቶሪዮሺካ» አለ፤ ደራሲው ሃቺ ያን ጊዜ ወጣት ተማሪ ነበር፤ በኋላ በጥምቀት ስሙ እንደማለት በእውነተኛ ስሙ ዮኔዙ ኬንሺ ተብሎ በአገሪቱ ከታወቁት ዘፋኞች አንዱ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የሚኩ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ሃቺ ብሎ ተመልሶ «ሱና ኖ ዋኩሴይ»ን ሰጠ። እንግዲህ የአንዱ ሰው ሥራ በማ፣ በሃና በሳ ቤት ተበታትኖ ይገኛል፤ በመነሻ ድምፅ የመደርደር ጉድለቱ ይህ ነው፤ ደራሲን ይበትናል፤ ዘመንን ያደባልቃል። ስለ በጎነቱ ሲነገር ግን፣ ዝነኛውንና ስም የሌለውን በአንድ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣል፤ ፈላጊው የሚያውቀውን ሲፈልግ የማያውቀውን ያገኛል።

ያ ቤት በዴኮ 27 «ዮዋሙሺ ሞንቡራን» ይወከላል። ከዚያ ቀጥሎ የራ ቤት ይመጣል። ባለቅኔዎቹ ባዶ ትተውት ያለፉት ይህ ቤት ዛሬ ሞልቶ ይገኛል፤ በ«ሮ» መሥመር ብቻ በ2008 ዓ.ም. የተደረሰው «ሮሺን ዩካይ»፣ በ2009 የዶሪኮ «ሮሚዮ ቶ ሺንዴሬራ»፣ በ2010 የዎዋካ «ሮሪንጉ ጋሩ»፣ በ2018 የሚኪቶ «ሮኪ» ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ርእስ በቻይና ቃላት የተሠራ ነው፤ የቀሩት ከአውሮጳ አፍ የመጡ ናቸው። የቡድሃ መጻሕፍት፣ የቻይና ትምህርት፣ የምዕራባውያን ቲያትርና ሙዚቃ አንዱ ከሌላው በኋላ ወደ ጃፓን የገቡበት ታሪክ በዚህች አንዲት መሥመር ላይ ተጽፏል። «ሮሪንጉ ጋሩ»ን የደረሰው ዎዋካ በ2019 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ ዐረፈ። ዘፈኑ እየወደቀች እየተነሣች የምትደክም ልጅ እንጕርጕሮ ነው፤ ፒያኖው ሳያርፍ ይንከባለላል፤ የሚኩም ድምፅ ስሜት የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምተው ይፍረዱ።

የመጨረሻው የዋ ቤት ደግሞ የሪዮን «ዋሩዶ ኢዙ ማይን» እና የዎዋካን «ዋሩዙ ኤንዶ ዳንሱ ሆሩ» አጎራብቶ ይዟል፤ እነርሱም በካና ሲጻፉ እስከ ሦስተኛው ፊደል አንድ ሆነው በአራተኛው ይለያሉ። አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ ዜማዎች ለመስማት የወደድህ እንደ ሆነ ከማ ቤት «ሜሩቶ»ን አስቀድም፤ ቀጥለህ ሁለቱን የአ ቤት መንታዎች፣ ልዕልቲቱን ከፊት አገልጋዩን ከኋላ አድርገህ ስማ፤ «ሴንቦንዛኩራ» እና «ሮሪንጉ ጋሩ» ከዚያ በኋላ ይሁኑልህ፤ የማሽኑ ድምፅ በመጀመሪያ ለጆሮህ ቢከብድህም፣ ሁለተኛ ሳትሰማ አትተወው።